አቶ ገረመው እና ባዶዋ አንድ

ዝም ማለት የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር፣ መሥሪያ ቤት፣ ማኅበር ወይም ለቅሶ ቤት እስከ ዛሬ አልተገኘም። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ካለ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ራሱ ነው።

ታዲያ ከወሬኛ ጋር እንዳታምታቱት። ወሬኛ የሚያወራው ነገር ስላለው ያወራል፤ ሲያልቅበት ተነሥቶ ይሄዳል። ይህኛው ግን የሚነግራችሁ ነገር ኖሮት አይደለም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ዝምታ በመካከላቸው ሲገባ ጭንቅ ጥብብ ይለዋል፤ ዝምታውን ካላስወጣ አያርፍም። አሳንሰር ውስጥ «ዛሬ ደግሞ ቀዘቀዘ» የሚላችሁ እሱ ነው። ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቁ «ለእርስዎም ደም ግፊት ነው?» የሚላችሁ እሱ ነው። ስልክ ሊዘጋ ሲል «እሺ በቃ፣ ደህና ዋል፣ እሺ፣ ቤተሰብ ሰላም በልልኝ፣ እሺ፣ እና ሌላስ?» ብሎ ጨዋታውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውም እሱው ነው።

በኦክላንድና በዙሪያዋ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር አቶ ገረመው ናቸው። መኖሪያቸው ሳን ሊያንድሮ ነው። እንጀራቸው ከአየር ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ እስከ ተርሚናሉ መንገደኛ የምታመላልስ ሻትል መንዳት ነው። ሙያቸው ግን ቤዝ ጊታር ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ መንገደኛ ለማንኛውም ሹፌር «አታናግረኝ» ማለቱ ነው። ለአቶ ገረመው ግን «ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ማለቱ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ የስንቱን የጉልበት ሕመም፣ የስንቱን ፍቺ፣ የስንቱን ውሻ ስም እንዳወቁ እግዜር ይቁጠረው። ልጃቸው ሩቲ ከእሳቸው ጋር የገበያ ወረፋ መቆም ከተወች ቆይታለች። «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ሺ ደዝንት ኢቭን ኖው አስ» ትላቸዋለች። «እኮ! ስለማታውቀን አይደል የማናግራት?» ይሏታል።

ለቅሶ ቤትም ያው ናቸው። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ሲያይ፣ ማንም ማንንም ላለማየት ሲጠነቀቅ፣ ከጥግ በኩል የእሳቸው ድምፅ ይመጣል፤ «ለመሆኑ እማማ ምን ዓይነት ወጥ ነበር የሚወዱት?» ሁሉም ይደነግጣል። አንዱ በክርኑ ይጎስማቸዋል። ሐዘንተኛዋ ግን ቀና ትልና «ኧረ የሰው ቤት ወጥ ነበር የምትወደው፣ የራሷንማ ስታማ ነው የኖረችው» ብላ ሳትወድ ትስቃለች። እንዲህም ሆኖ ከቤት ሲወጡ የጎሰማቸው ሰው እስከ መኪናቸው ድረስ ይቆጣቸዋል።

እንዲህ ያለ ሰው የኩባ ሙዚቃ ላይ ቤዝ ይጫወታል ብሎ የሚያስብ ጤነኛ ሰው አይኖርም። ያሰበው ናዖድ ነበር፤ በማሰቡም ሲጨነቅ ከረመ።

ናዖድ ሪችመንድ ይኖራል፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የኩባ ዘፈን በሚጫወት የኦክላንድ ባንድ ውስጥ ኮንጋ የሚባለውን ረጅም ከበሮ ይመታል። ረጋ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሰው ፊት ላይ ክፉ መናገር የማይሆንለት ልጅ ነው። ልጅ አልኩ እንጂ አርባን አልፏል። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሳክራሜንቶ ቤት ገዝቶ ሲሄድ ሁሉም «ማንን እናምጣ?» ተባባለና ናዖድ አቶ ገረመውን አስታወሰ። አዲስ አበባ ሳሉ በሆቴል ቤት ባንድ ውስጥ የተጫወቱ ሰው ናቸው። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ጊታሩ አልጋ ሥር ከርሟል።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ መጥተው ይሞክሩት» አላቸው።

«እኔ? ኧረ ናዖዴ፣ ስፓኒሽ አልችልም!»

«በጣት ነው እንጂ በአፍ አይደለም፣ ጋሼ።»

«በጣት ከሆነማ» አሉና ጊታሩን ከአልጋ ሥር ጎትተው አቧራውን በካልሲ ጠረጉት።

አሁን ስለ ነገሩ ጥቂት ላስረዳ፤ ያለዚያ የናዖድ ጭንቀት አይገባችሁም። በእኛ ዘፈን ቤዝ የቤቱ አባወራ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብሎ ሲቆጠር አንድ ላይ «ደም» ብሎ ይቀመጣል፤ ሌላው ሁሉ እሱን እያየ ቦታ ቦታውን ይይዛል። የኩባው ቤዝ ግን አንድን ይዘላታል። ከሁለት በኋላ ብቅ ይላል፣ አራት ላይ ያርፋል፣ ያንኑ የአራቱን ድምፅ ሳይለቅ እየጎተተ በአንድ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል። የኮንጋውም እጅ እዚያች ላይ ቆዳውን ዳሰስ ያደርጋል እንጂ አይመታም። ቱምባኦ ይሉታል። የኩባ ዘፈን ሰምታችሁ ወገባችሁ ሳታዙት ተነሥቶ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የጎደለችውን አንድ እግራችሁ ሊሞላ ሲሄድ ነው።

አቶ ገረመው ጣታቸው ፈጣን ነው፣ ጆሯቸውም የተባረከ ነው። ዘፈኖቹን ሁሉ ቶሎ ያዟቸው። አንድን መዝለል ግን አልሆነላቸውም። ሁለት ዙር ይዘሏታል፣ ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ላብ በላብ ይሆናል፣ አራተኛው ላይ «ደም»።

«ምን ላድርግ ናዖዴ?» አሉት አንድ ቀን። «ሰው እግሩን አንሥቶ ሊያሳርፍ ሲል መሬቱን ከሥሩ ማንሣት ነውር አይደለም? እንግዳ ቆሞ እያየሁ ወንበር አላቀርብም?»

የባንዱ መሪ ኢዳልሚስ ትባላለች። ፒያኖ ተጫዋች ናት፤ ከኩባ፣ ከማታንዛስ ከተማ የመጣች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ሰውን ከመነጽሯ በላይ የምታይ ቁጡ ሴት። ልምምዱ ፍሩትቬል ሰፈር ባለው ጋራዧ ውስጥ ነው። «አንድ የእኛ አይደለችም» ትላለች በእንግሊዝኛ፣ ጣቷን ቀስራ። «አንድ የዳንሰኛው ናት። ባዶዋን ተዉለት!» አቶ ገረመው «እሺ፣ ይቅርታ፣ እሺ» ይላሉ። ከልባቸው ነው የሚሉት። ከዚያ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለው ዝምታ ደግሞ ያስጨንቃቸውና የቆሎ ከረጢታቸውን አውጥተው ለሁሉም ያድላሉ። ትራምፔት ተጫዋቹ አንድ ጊዜ አፉ ቆሎ እንደሞላ የመግቢያው ተራ ደርሶበት የሆነውን ባልናገር ይሻላል።

ማክሰኞ ልምምድ ሲያልቅ ኢዳልሚስ ናዖድን ወደ ጓሮ ጠራችው።

«እሁድ ከሰዓት ሳን ሆዜ የምንጫወትበትን አዳራሽ ታውቀዋለህ። እዚያ የሚመጡት ዳንስ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከወደዱን በየወሩ ይጠሩናል። ያንተ ሰው እዚያ ላይ አንድን ከረገጣት፣ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቤዝ አመጣለሁ። ይህን ሄደህ ንገረው።»

«አንቺ ብትነግሪው አይሻልም?»

«እኔ አልችልም!» አለች፤ ያቺ ቁጡ ሴት ዓይኗ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረውም። «እናቴ ታማብኝ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሄዶ ሻማ አብርቶላታል። ሻማ ያበራልህን ሰው እንዴት ብለህ ታባርራለህ? አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተው ንገረው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ናዖድ ምግብ አልዋጥ አለው። «ጋሼ» ብሎ በጠራበት አፉ «ተሳስተዋል፣ ሊያባርሩዎት ነው» ማለትን ማን አስተማረው? ደግሞስ ጥፋቱ የማን ነው? ሰውየው በሰላም ሻትላቸውን እየነዱ ነበር፤ ከአልጋ ሥር ጊታር ያስወጣቸው እሱ ነው።

በዚህ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉዬ ደወሉለት። ሊያመሰግኑት ነው።

«ናዖድዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት። «ባንዱ ውስጥ ከገባ ወዲህ እኮ እንቅልፍ ተኛ! ድሮ ሌሊት እየተነሣ ቴሌቪዥኑን ያናግር ነበር። አሁን ጊታሩን ታቅፎ ይቀመጥና እዚያው ጭልጥ ይላል። ለእሁድ ሸሚዝ ገዝቷል፣ አየህለት? ማኅበርተኛውን በሙሉ ኢንቫይት አድርጓል። የቄስ ሀብተሥላሴ ባለቤት ሳይቀሩ እመጣለሁ ብለዋል።»

ናዖድ ስልኩን ዘግቶ ግድግዳውን ተደገፈ። እሁድ አቶ ገረመው የሚባረሩት እንግዲህ በማኅበራቸው ፊት ነው።

ረቡዕ ዕለት ቆራጥ ሆኖ ደወለላቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።»

«ንገረኝ፣ ንገረኝ! ቆይ ግን መጀመሪያ ጤናህ? ሥራ እንዴት ነው? የሪችመንድ ንፋስ በረደላችሁ? እኛ ጋ ትናንት አንድ ዛፍ ወድቆ የጎረቤቴን መኪና፣ ይዲድያን ታውቀዋለህ አይደል፣ የሱን መኪና ለትንሽ ሳተው…»

ዛፉ እስኪነሣ፣ የኢንሹራንሱ ሰው መጥቶ እስኪሄድ፣ ይዲድያ ከሚስቱ ጋር እስኪታረቅ ናዖድ ስልኩን ይዞ ቆመ። በመጨረሻ «እና ሌላስ?» አሉ። በሩ ተከፈተ ብሎ አፉን ሲከፍት፣ እሳቸው «ሌላማ ሰላም ነው» ብለው የራሳቸውን ጥያቄ ራሳቸው መለሱና ወደ መሰነባበቱ ገቡ። መሰነባበቱ ራሱን የቻለ ሌላ ስልክ ያህል ነበር።

ሐሙስ ኦክላንድ፣ አፕታውን ሰፈር ወስዶ ምሳ ጋበዛቸው። ፊት ለፊት ከሆንን ይቀላል ብሎ አስቦ ነበር። ምግቡ ቀረበ፣ ናዖድ ትንፋሽ ሰበሰበ፣ «ጋሼ፣ ስለ እሁድ ነገር…» ከማለቱ ጉርሻ አፉ ደጃፍ ላይ ደረሰ። የታላቅ ሰው ጉርሻ አይመለስም። ዋጠና «እሁድ…» አለ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ጉርሻ የናዖድን ዓይን እንባ በእንባ ያደረገ ቃሪያ ነበረበት። አቶ ገረመው እንባውን አይተው «አይዞህ፣ ስቴጅ ላይ መውጣት ሁሉንም ያስፈራል፤ እኔ አለሁ» አሉት። ሒሳቡንም አስተናጋጁን ቀድመው አግኝተው እሳቸው ከፈሉ።

ቅዳሜ ናዖድ ያላሰበውን አደረገ። ሻንጣ የለው፣ በረራ የለው፣ መኪናውን አየር ማረፊያው ማቆሚያ ላይ አቁሞ ሻትላቸው ላይ ተሳፈረ። ሹፌር ከመሪው አይነሣም፣ ጉርሻም የለም፤ ጀርባቸው ላይ ሆኜ እነግራቸዋለሁ አለ። አቶ ገረመው በመስተዋት ሲያዩት ደስታቸው ወሰን አጣ። ለመንገደኛው ሁሉ በእንግሊዝኛ አስተዋወቁት፤ «ይህ ወንድሜ ነው! ኮንጋ መቺ ነው! ነገ ሳን ሆዜ እንጫወታለን፣ በረራችሁን ሰርዙና ኑ!» አንዲት አሮጊት በረራዬ ወደ እህቴ ቀብር ነው አለች። እስከ ተርሚናሉ ድረስ ስለ እህቷ አወሩ። ሲወርዱ አሮጊቷ አቅፋቸው ወረደች። ናዖድ ከማቆሚያው ተርሚናል፣ ከተርሚናል ማቆሚያው ሲመላለስ ውሎ ሳይናገር ወረደ።

እሁድ ደረሰ። ናዖድ በፕሪየስ መኪናው ከሪችመንድ መጥቶ ሳን ሊያንድሮ ላይ አቶ ገረመውን ጫነ። አዲሱን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተከርክመው፣ ገና በሩን ሳይዘጉ ወሬ ጀምረዋል። በስምንት መቶ ሰማንያ ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወረዱ። አሁን ካልነገራቸው መንገዱ ያልቃል፣ አዳራሹ ይደርሳል፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት «ደም» ይላሉ፣ ያልቃል።

ሄይዋርድ ላይ አቶ ገረመው ጉሮሯቸው ደረቀና የውሃ ጠርሙስ አነሡ። ውሃው አፋቸው ሲገባ ናዖድ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቃት ቀዳዳ እቺው መሆኗ ገባው። በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው።

«ጋሼ፣ አንዷን ይተዉአት፤ ዛሬ ከመቷት ኢዳልሚስ ሌላ ሰው ልታመጣ ነው።»

ውሃው ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ዋጡት። ጠርሙሱን ከደኑና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ፍሪሞንት አለፈ። ሚልፒታስ አለፈ። ናዖድ አቶ ገረመውን ካወቀ ጀምሮ ዝም ብለው አይቷቸው አያውቅም፤ ተኝተው እንኳ እንደሚያወሩ ወይዘሮ ሙሉዬ ነግረውታል። ገደልኳቸው አለ በልቡ። መኪናዋ ውስጥ ያለው ዝምታ እየከበደ ሲሄድ እሱ ራሱ ማውራት ጀመረ። ቤንዚን እንዴት ተወደደ አለ። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር አለ። የላብራቶሪው አዲሱ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ያለ ጠያቂ አብራራ። «እሺ፣ ሌላስ ጋሼ?» አለና ከራሱ አፍ የወጣውን ሰምቶ ደነገጠ። አቶ ገረመው ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁለት።

አዳራሹ ግጥም ብሏል። መካከሉን የያዙት ዳንሰኞቹ ናቸው፤ ሽማግሌና አሮጊቶች ጭምር፣ ጫማቸውን ያብለጨለጩ፣ ቀልድ የማያውቁ። በግድግዳው በኩል ደግሞ የሳን ሊያንድሮ ማኅበር በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ተሰልፏል። ወይዘሮ ሙሉዬ እጃቸውን አውለበለቡ። ኢዳልሚስ መነጽሯን አድርጋ ከመነጽሯ በላይ ናዖድን አየችው፤ ነገርከው? ማለቷ ነው። ናዖድ አዎ አለ፤ እምብዛም የኩራት አዎ አልነበረም።

ዘፈኑ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ አንድ መጣች። አቶ ገረመው ዘለሏት። ሁለተኛዋንም ዘለሏት። ሦስተኛዋ ላይ ናዖድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዘለሏት። ይባስ ብሎ ማኅበርተኛው ደስ ብሎት ማጨብጨብ ጀመረ፤ የእኛ ሰው ጭብጨባ ደግሞ የሚያርፈው የት ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከግድግዳው በኩል አንዷ ላይ «ጧ!» አንዷ ላይ «ጧ!» ይላል። አቶ ገረመው ግንባራቸው ላይ ላቡ ተንቆረቆረ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ግን ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም። ማኅበርተኛው ደከመውና ተወው። ያኔ ዳንሰኞቹ ባዶዋን አገኟት። ወለሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሱ አሮጊት ከአጣማሪያቸው እጅ ወጥተው ለብቻቸው ዞሩ። ኢዳልሚስ ፒያኖዋ ላይ ሆና ሳቀች።

ፍጹም ነበር። ናዖድ ሊደሰት ይገባው ነበር፤ አልተደሰተም። ቤዙ በዚያች ቦታ ባዶ ባለፈ ቁጥር የሆነ ነገር ይጎድልበታል። ወደ አቶ ገረመው ዞሮ ያያል፤ ከንፈራቸው ተጣብቋል፣ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። ባንዱ ውስጥ ከገቡ ጀምሮ እሱን ሳያዩ ዘፈን ጨርሰው አያውቁም ነበር። ተቀይመውኛል አለ። ሰውየውን አዳንኩ ብዬ አጣኋቸው አለ። ይህን እያሰበ ሳለ፣ የሚቀጥለዋ አንድ መጣች፣ ባዶ ሆና መጣች፣ የናዖድም እጅ ሳያዝዘው ወርዶ ኮንጋውን በሙሉ መዳፉ መታው።

«ደም!»

ቀይ ቀሚስ የለበሱት አሮጊት ተደናቀፉ። ኢዳልሚስ ቀስ ብላ ዞረች፣ ከመነጽሯ በላይ አየችው። ናዖድ ይቅርታ ለማለት ጭንቅላቱን ደፋ፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ደግሞ ሁለት ጊዜ መታት።

እረፍት ላይ አቶ ገረመውን ከመድረኩ ጀርባ አጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ፊት ለፊታቸው ምግብ አለ፤ ማንንም ብላ አላሉም። ናዖድ አጠገባቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተቀይመውኛል።»

ቀና ብለው አዩት። «ማን? እኔ?»

«ከሄይዋርድ ጀምሮ ቃል አልተናገሩም እኮ።»

«ፕራክቲስ እያደረግኩ ነው እንጂ!» አሉ ጮክ ብለው፤ የታፈነው ድምፅ ሁሉ ተንዶ ወጣ። «አፌን ከከፈትኩ ጣቴም አብሮ ይከፈታል ብዬ ፈራሁ። ስትነግረኝ ደንግጫለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ምን ብዬ እቀየማለሁ? ይልቅ አንተ ምን ሆነህ ነው? እኔ እዚህ ጥርሴን ነክሼ ስዘላት አንተ ትረግጣታለህ?»

«ባዶ ሆነብኝ።»

«ምኑ?»

ናዖድ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር የተፈጠረ ሰው አልነበረም። «እርስዎ የሚመቱበት ቦታ» አለ። «እርስዎ ዝም ሲሉ ሁሉም ነገር ባዶ ሆነብኝ።»

አቶ ገረመው ትንሽ ዝም አሉ፤ በዚህኛው ዝምታ ግን አልተጨነቁም። «ታውቃለህ ናዖዴ» አሉ፣ «እኔ ሰው ዝም ሲለኝ የጠላኝ ይመስለኛል። ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። ማንም ሰው እኔ ፊት ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ምን አጠፋሁ እላለሁ። ዳንሰኞቹም እንዲሁ ነበር የሚመስሉኝ፤ አንዷን ካላቀረብኩላቸው የሚቀየሙኝ። ዛሬ ባዶዋን ስተውላቸው አየሃቸው? መሬቱን ለካ ራሳቸው ያውቁታል።» ሳህናቸውን አነሡና ለናዖድ አቀበሉት። «ብላ። ፊትህ ነጥቷል።»

ናዖድ በላ። ሳምንቱን ሙሉ ያልወረደለት ምግብ ወረደለት።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሁለቱም አንድን አልነኳትም። በደረሰች ቁጥር አቶ ገረመው ዞር ብለው ናዖድን ያያሉ፣ ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ተያይተው ያልፏታል። ሲያልቅ ኢዳልሚስ አቶ ገረመውን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸውና የመጪውን ወር ቀን ነገረቻቸው። ለናዖድ «አንተን ማክሰኞ አነጋግርሃለሁ» አለችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አቶ ገረመው ከመኪና ማቆሚያው ሳይወጡ ጀምረዋል። ቀይ ቀሚስ የለበሱት አሮጊት መጥተው ጨብጠዋቸዋል ለካ፤ ከዚያ የሴትየዋን ሕይወት ከተወለደችበት ከጓናኋቶ እስከ ሳን ሆዜ ይዘው ወረዱ። ሦስት ባሎቿን አንድ በአንድ መቅበር ጀመሩ። በቆርቆሮ ፋብሪካ የሠራችበትን ዘመን፣ ዳንስ ያስተማራትን አጎት፣ ከአጎቷ ያጣላትን ቄስ ሁሉ አመጡ። ናዖድ ሌላ ጊዜ ቢሆን «እሺ፣ እሺ» እያለ መንገዱን ይቆጥር ነበር። ዛሬ በግራ መስመር ላይ ቀስ ብሎ ይነዳል።

ሁለተኛው ባል ከሆስፒታል ሲወጣ የሳን ሊያንድሮ መውጫ ምልክት ከፊታቸው ታየ። ናዖድ አየው። ፍሬቻውን አላበራም። ምልክቱ በላያቸው አለፈ፣ መውጫው በቀኝ በኩል አለፈ፣ የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች ከሩቅ መታየት ጀመሩ።

«ውይ!» አሉ አቶ ገረመው ድንገት። «ናዖዴ፣ ቤቴን አለፍነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ ናዖድ። «እና ሴትየዋ ከዚያ ምን አሉት?»